ከአቧራው ሳይርቁ መማር

እ.ኤ.አ. በ1700 በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታዎች የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ሐኪሞች በሽተኛ ሲመረምሩ ከጥንት ጀምሮ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ነበሩ፤ ራማዚኒ በእነዚያ ላይ አንዲት ጥያቄ እንድትጨመር መከረ፤ «ሥራዎ ምንድን ነው?» የምትለውን። ጥያቄዋ አጭር ናት፣ የምትጎትተው ግን ረጅም ነው። የሚያስለው ሰው ድንጋይ ጠራቢ ከሆነ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደሚጠርብ፣ በመሮና በመዶሻ ነው ወይስ በኤሌክትሪክ መቁረጫ፣ ደጅ ላይ ነው ወይስ ጣሪያ ሥር፣ ከጀመረስ ስንት ዓመት ሆነው የሚሉት ሁሉ ተከታትለው ይመጣሉ። ጠያቂው መልሱን ሰምቶ የሚያደርግበትን ካላወቀ ግን ጥያቄዋ የካርድ ማሟያ ሆና ትቀራለች። የሥራና የአካባቢ ጤና የሚባለው የትምህርት ዘርፍ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ መልሱን ወደ ልኬት፣ ልኬቱን ወደ ማስረጃ፣ ማስረጃውን ወደ መከላከያ መለወጥ። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው ስለ ዘርፉ አስፈላጊነት ብቻ አይደለም፤ ዘርፉን ማን፣ የት ሆኖ፣ እንዴት ይማረው ስለሚለው ነው።

ጥያቄዋን ይዘን ወደ መቐለ፣ ወደ ዓይደር እንሂድ። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆስፒታል እዚህ ሰፈር ውስጥ በ2000 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ወደ 500 የሚጠጉ አልጋዎች ያሉት ይህ ሆስፒታል ከትግራይ አልፎ ከአፋርና ከአማራ ክልል አጎራባች አካባቢዎች የሚላኩ ሕሙማንን ሲቀበል የኖረ ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ የሚሠራውን ሥራ ብንዘረዝር ደግሞ የዘርፉ ማስተማሪያ መጽሐፍ ማውጫ ይመስላል። መሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፤ ብረት የሚቆረጥበትና የሚበየድበት መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኞችን አምጥቷል። ወደ ሰሜን ሲወጡ ውቅሮ ላይ ሼባ የቆዳ ፋብሪካ ይገኛል። ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የአፋር ሜዳ የአሞሌ ጨው የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያው በዳሎል የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጥ ነበር። በየሰፈሩ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥና የበያጅ ሱቅ አለ፤ በየጓሮው ደግሞ በእንጨት ጭስ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ አለ። ከእነዚህ ሁሉ የሚነሳው በሽታ መጨረሻው የሆስፒታሉ በር ነው፤ መነሻው ግን ከበሩ ውጭ ነው።

የምዕራፉ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። የርቀት ትምህርት በአገራችን እንደ ሁለተኛ ምርጫ ይታያል፤ መደበኛው ሲያቅት የሚያዝ፣ ጊዜም ገንዘብም ያጠረው የሚጠጋበት። ለብዙ የትምህርት ዓይነቶች ይህ ግምት ትክክል ሊሆን ይችላል። ለሥራና ለአካባቢ ጤና ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዚህ ዘርፍ ቤተ ሙከራ የሥራ ቦታው፣ ወንዙና ማጀቱ ነው። ተማሪውን ከሥራ ቦታው ነቅለን ሁለት ዓመት ሌላ ከተማ ስናስቀምጠው ከአስተማሪው እናቀርበዋለን፣ ከሚማረው ነገር ግን እናርቀዋለን። በሚገባ የተዘጋጀ የድኅረ ምረቃ የርቀት ትምህርት የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል፤ አስተማሪውን አርቆ ተማሪውን ከአቧራው ጋር ያስቀራል። «በሚገባ የተዘጋጀ» የሚለው ሐረግ ግን ከባድ ጭነት ተሸክሟል፤ የምዕራፉ ሁለተኛ አጋማሽ ጭነቱን አውርዶ ለማየት የሚሞክር ነው።

ከድንጋዩ እንጀምር። መቐለ የድንጋይ ከተማ ናት፤ ቤቶቿና አጥሮቿ ከአካባቢው በተጠረበ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ከተማዋ ያረፈችበት አለት የሥነ ምድር ሰዎች የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የሚሉት ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ግን በአዲግራት ስም የሚጠራው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ የገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በዚህ ዓይነቱ አለት ውስጥ ነው። ለግንበኛው ሁለቱም ድንጋይ ናቸው። ለሳንባ ግን አንድ አይደሉም። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የአሸዋ ድንጋይ ግን በአብዛኛው ኳርትዝ፣ ማለትም ክሪስታል ሲሊካ ነው። የሲሊካ ብናኝ በዓይን ሊታይ እስከማይችል ድረስ ሲደቅ የሳንባን የመጨረሻ ከረጢቶች ደርሶ ጠባሳ ይፈጥራል፤ በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ከቆየ ተጋላጭነት በኋላ ብቅ ይላል፤ ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒትም የለም። ሲሊካ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ሲሊኮሲስም ነቀርሳም ያስላሉ፣ ያከሳሉ፣ በራጅ ላይም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ የጠራቢው ሥራ ያልተጠየቀበት ሐኪም ቤት ሲሊኮሲስን በነቀርሳ ስም ሊያክም ይችላል። ይህን ልዩነት ከሩቅ አገር የመጣ ማስተማሪያ መጽሐፍ ሊነግረን የሚችለው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ሲሊካ ሳንባ ላይ ጠባሳ እንደሚፈጥር ይነግረናል፤ የትኛው ጠራቢ ከየትኛው ተራራ በመጣ ድንጋይ ላይ እንደሚውል ግን አያውቅም። ሁለቱን የሚያገናኘው ንድፈ ሐሳቡን የተማረና የድንጋዩን መጫኛ ቦታ የሚያውቅ ሰው ነው።

ማወቅ ማለት ግን መገመት አይደለም፤ እዚህ ላይ ልኬት ይገባል። የአቧራ ልኬት ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። ከሠራተኛው ቀበቶ ላይ ትንሽ ፓምፕ ይታሰራል፤ ከአንገትጌው አጠገብ ቀድሞ የተመዘነ ፊልትር ይንጠለጠላል። ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር አየር ቢስብ በ8 ሰዓት ፈረቃ 960 ሊትር፣ ማለትም ወደ 1 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር በፊልትሩ ውስጥ ያልፋል። ማታ ፊልትሩ ተመልሶ ይመዘናል፤ የጨመረው ክብደት ሠራተኛው ሲተነፍሰው የዋለውን አየር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በኢትዮጵያ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ላይ የተደረገ ጥናት አቧራውን የለካው በዚህ መንገድ ነው። በድንጋይ መፍጫው ክፍል የሚሠሩት ሰዎች አማካይ የአቧራ ተጋላጭነት በሜትር ኩብ 38.6 ሚሊ ግራም፣ በማሸጊያው ክፍል 18.5 ሚሊ ግራም፣ ለንጽጽር በተወሰዱት ጥበቃዎች ላይ ደግሞ 0.4 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ ያሉ ሰዎች የሚተነፍሱት አየር ወደ መቶ እጥፍ ተለያየ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞች ከልክ ላለፈ አቧራ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ፤ ማንም እንደ ባለሙያ ሠራተኛ የማይቆጥራቸው፣ መጥረጊያ ይዘው አቧራውን መልሰው የሚያስነሱት ሰዎች። እንዲህ ያለውን እውነት በአንድ ቀን ጉብኝት ማግኘት ያስቸግራል። ማን መቼ እንደሚጠርግ፣ ማሽኑ መቼ እንደሚቆም፣ በሌሊት ፈረቃ ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው በቦታው የሚኖር ሰው ነው።

ከፋብሪካ ወጥተን ወደ ገጠር ብንሄድ ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክራል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በሂርሚ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ ሆድን የሚያሳብጥና ሰው የሚገድል ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ታየ። ለዓመታት መጠሪያው ራሱ «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በሽታውን ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ከሚባሉ የዕፅዋት መርዞችና ከዲዲቲ ተጋላጭነት ጋር አያያዘው፤ የዕፅዋቱን መርዝ የሚሸከመው በእህል መካከል የሚበቅል አረም ነው። በሽታው ከታየበት እስከዚህ ማብራሪያ ድረስ ከ10 ዓመት በላይ አለፈ። የጥናቱ ባለቤቶች ያደረጉት ታላቅ ሥራ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከሥራው በላይ ይሰፋል። መልሱ በሕሙማን ክፍል ውስጥ አልነበረም። በማሳው፣ በአውድማውና በጎተራው ውስጥ ነበር። አረም በክረምት ይበቅላል፣ በአጨዳ ከእህል ጋር ይቀላቀላል፣ ከወራት በኋላ ማዕድ ላይ ይቀርባል፤ ጉበትን የሚጎዳው ደግሞ ከዚያም ቆይቶ ነው። ይህን ሰንሰለት ለማየት የእርሻውን ዓመት ሙሉውን እዚያው ሆኖ መከታተል ይጠይቃል። ለመረጃ መሰብሰቢያ ሦስት ሳምንት ብቻ ያለው የመደበኛ ተማሪ የሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ያያል፤ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እየሠራ የሚማር ሰው ግን ክረምቱንም በጋውንም ያያል።

ተማሪን ከሥራው ሳይነቅሉ ማስተማር ለአገራችን ባዕድ ነገር እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። በደንቢያ በደረሰው የወባ ወረርሽኝ ማግስት በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አሰልጥኗል፤ ተማሪዎቹንም በቡድን አደራጅቶ ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በሥራ ላይ እንዲማሩ አድርጓል። ሳኒታሪያን የሚለው መጠሪያ ዛሬ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ለምንለው ሰው አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠናም በዚሁ መንገድ የተቀረጸ ነው፤ ሰልጣኙ ከጊዜው ሩቡን ያህል በክፍል፣ ሦስት አራተኛውን በመስክ ያሳልፋል። ይህን ሥልጠና ማንም «ግማሽ ትምህርት» ብሎ አይጠራውም። ከአገር ውጭ ሲታይ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ተማሪዎች ዲግሪ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት ያስተምራል፤ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የሥራና የአካባቢ ጤና ማዕከል በሥራ ላይ ያሉ ሐኪሞችንና ባለሙያዎችን በርቀት ሲያስተምር ቆይቷል። ርቀቱ ክብርን አልቀነሰባቸውም፤ ክብራቸው የመጣው ከፈተናቸው ጥብቅነትና ከተመራቂዎቻቸው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ፤ ቀላል አይደሉምና። የመጀመሪያው የተግባር ጉዳይ ነው። «ፓምፕ ማስተካከል፣ የድምፅ መለኪያ ማንበብ፣ የትንፋሽ አቅም መመርመር በወረቀት ይማራሉ እንዴ?» የሚል። አይማሩም። በሞጁል ብቻ የተማረ ሰው ፓምፑ በደቂቃ 2 ሊትር መሳቡን ሳያረጋግጥ ሊያስር ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ሁሉ ከንቱ ነው። የትንፋሽ ምርመራም እንዲሁ ነው፤ ተመርማሪው በሙሉ ኃይሉ እንዲነፋ ማድረግ በልምድ የሚገኝ ጥበብ ነው። ግን ይህ ተቃውሞ የሚያስረዳው ትምህርቱ ንጹሕ የደብዳቤ ትምህርት መሆን እንደሌለበት እንጂ በርቀት መሰጠት እንደሌለበት አይደለም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ለሐኪሞች የሚሰጠው የሥራ ጤና ዲፕሎማ የተሠራው በሥራ ላይ ሆነው እንዲማሩና በተወሰኑ ሳምንታት በአካል እንዲገናኙ ነው። በዓይደርም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሳምንት ተማሪዎች ተሰብስበው መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ቢለማመዱ ለተግባሩ በቂ መሠረት ይሆናል። የቀረው የወራት ጊዜ ልምምዱ የሚደገምበት ነው። መደበኛው ተማሪ በቤተ ሙከራ አንድ ጊዜ ያየውን ፓምፕ የርቀቱ ተማሪ በራሱ ወረዳ ሃያ ጊዜ ሊያስረው ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጥራት ነው፤ ከሁሉም የሚያሳፍረውም እሱ ነው። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የርቀት ትምህርትን ማገዱ ይታወሳል፤ እገዳው ኋላ ቢላላም የፈጠረው ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ የሚጽፍ ሰው ማግኘት እንደሚቻል የማያውቅ የለም፤ በአካል የማይታይ ተማሪ ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተመቸ ይመስላል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ የተገዛ የመመረቂያ ጽሑፍ በመደበኛ ተማሪዎችም ዘንድ አለ፤ በሽታው የርቀት ሳይሆን የማስረጃ ነው። ጽሑፍ ብቻ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ጽሑፍ ብቻ ይቀርብለታል። የሥራና የአካባቢ ጤና ግን ከጽሑፍ በፊት የሚቀርብ ቁሳዊ ማስረጃ አለው፤ ቁጥር የተጻፈበት ፊልትር፣ ፓምፑ ጠዋትና ማታ የተፈተሸበት መዝገብ፣ የፈረቃው የሥራ ዝርዝር፣ የሠራተኛው የስምምነት ፊርማ። ፈታኙ ከተማሪው ጋር ፋብሪካው በር ላይ ተገናኝቶ «ይህን ፊልትር የት አሰርከው?» ብሎ ቢጠይቅ ያላሰረው ሰው ይታወቃል። ስለዚህ ዘርፉ ለማጭበርበር ከሚመቹት ሳይሆን ከማይመቹት ወገን ሊሆን ይችላል፤ የመመዘኛው ሚዛን ከጽሑፉ ወደ መስክ መዝገቡ እንዲያጋድል የሚያደርግ ትምህርት ቤት እስካለ ድረስ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለዓይደር የተለየ ክብደት አለው። የርቀት ትምህርት በመብራትና በኔትወርክ ላይ የሚቆም ከሆነ ሁለቱ ሲጠፉ ምን ይሆናል? በትግራይ ይህ የምናብ ጥያቄ አይደለም። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት እስከሚፈረም አብዛኛውን ጊዜ ክልሉ ከስልክ፣ ከኢንተርኔትና ከባንክ አገልግሎት ተለይቶ ኖረ። የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ መድኃኒትና ነዳጅ አልቆባቸው ሕሙማንን ሲያክሙ ቆዩ። በዚያን ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ማንኛውም ትምህርት በአንድ ጀንበር ይከስም ነበር። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግን የርቀት ትምህርት አይሆንም የሚል አይደለም፤ በመስመር ላይ የሚሰጥና በርቀት የሚሰጥ ትምህርት አንድ አይደሉም የሚል ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 ኢንተርኔት አልነበረውም። የታተመ ሞጁል፣ በፍላሽ የሚዞር የንግግር ቅጂ፣ በወር አንድ ጊዜ በአካል የሚገናኝ የጥናት ቡድንና በዞኑ ሆስፒታል የተመደበ አማካሪ ካሉ ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርቱ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። እንዲያውም መንገድ ሲዘጋ መደበኛው ትምህርትም ይዘጋል፤ ተማሪዎቹ በየወረዳቸው ያሉት ግን ቢያንስ በየሥራቸው ላይ ናቸው።

አራተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከሥነ ምግባር ነው። ተማሪው በፋብሪካው ተቀጥሮ ፋብሪካውን ቢለካ ማንን ያገለግላል? ቁጥሩ ከፍ ካለ አለቃው ይቆጣል፤ ዝቅ ካለ ሠራተኛው አያምነውም። ይህ ከሁሉም የጠለቀ ተቃውሞ ነው፤ የርቀት ትምህርት ጥንካሬ ያልኩት ነገር፣ በሥራ ቦታው መኖር፣ ራሱ ድካሙ ይሆናልና። መፍትሔው በተማሪው ጀግንነት ላይ መጣል የለበትም፤ በአሠራር መበጀት አለበት። ተማሪዎች የሥራ ቦታ ይለዋወጡ። የፋብሪካው የደኅንነት ባለሙያ ሆስፒታሉን ይለካ፤ የሆስፒታሉ ነርስ ፋብሪካውን ትለካ። ሆስፒታል ራሱ አደገኛ የሥራ ቦታ መሆኑን ደግሞ ብዙዎቻችን እንረሳለን፤ የመርፌ ውግታ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ የልብስ ማጠቢያው ኬሚካልና ሙቀት፣ የቆሻሻ ማቃጠያው ጭስ፣ በሽተኛ በማንሳት የሚጎብጥ ወገብ ሁሉም እዚያው ዓይደር ግቢ ውስጥ የሚጠኑ ናቸው። የልኬቱ ቅጂ ከአሠሪው እጅ ብቻ ሳይሆን ከኮሌጁም ዘንድ ይቀመጥ፤ የሠራተኛው ስም ተለይቶ አይውጣ፤ ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም በአንድ ቀን ይነገር። ሕጉም ከጎን አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥራ ጉባኤ ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። የጎደለው ድንጋጌ አይደለም፤ የጎደለው በየወረዳው ድንጋጌውን ወደ ልኬት የሚለውጥ ሰው ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከክፋት ሳይሆን ከችግር የሚወጣ ነው። ጤና ጣቢያዎች በወደሙበት፣ መድኃኒት በጠፋበት፣ ተፈናቃይ በመጠለያ በሚኖርበት ክልል ስለ አቧራ ልኬት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥያቄው አክብሮት ይገባዋል፤ የሚደማ ሰው ባለበት ቤት መጀመሪያ የሚቆመው ደሙ ነው። ሆኖም መልሶ ግንባታ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንመልከት። የፈረሰ ግድግዳ ማንሳት፣ ድንጋይ መጥረብ፣ ሲሚንቶ ማቡካት፣ ብረት መበየድ፣ ያልፈነዱ ተተኳሾች ያሉበትን ማሳ መልሶ ማረስ፤ ሁሉም ሥራ ነው፣ ሁሉም ያቆስላል። ሥራ ያጣ ወጣት ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ ሲገባ፣ ወርቁም በሜርኩሪ ተለይቶ በእሳት ሲተን፣ ጭሱ የሚደርሰው ጉድጓዱን ያላየውን የቤት ሰው ድረስ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሥራ ምክንያት በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ ከእነዚህ አብዛኞቹን የሚገድለው አደጋ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚመጣ በሽታ ነው። ዛሬ በመልሶ ግንባታው አቧራ ውስጥ የገባ የ20 ዓመት ልጅ የሚታመመው ቤተሰብ በሚያስተዳድርበት ዕድሜው ነው። ያን ጊዜ የሚያክመው ሆስፒታል ይኸው ዓይደር ነው። መከላከሉ ዛሬ የሚጠይቀው ውኃ ማርከፍከፍ፣ ነፋሱ አቧራውን ከሠራተኛው እንዲያርቅ መቁረጫውን ማዞር፣ በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ አርጥቦ መጥረግ ነው፤ ከማከሙ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው። ሐኪምን ከሕሙማኑ ሳይነጥል የሚያስተምር መንገድ ደግሞ በትክክል ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ባለሙያ በጠፋበት ወረዳ ያለውን አንድ ባለሙያ ለሁለት ዓመት መውሰድ ሌላ ጉዳት ነውና።

እንግዲህ በዓይደር ሊቆም የሚችለውን ትምህርት በዓይነ ልቡና እንሳለው። ተማሪዎቹ የወረዳ አካባቢ ጤና ባለሙያዎች፣ የፋብሪካ ነርሶች፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችና ጠቅላላ ሐኪሞች ናቸው። ከመጀመሪያው ሞጁል ጀምሮ ንድፈ ሐሳቡ ከአካባቢው ምሳሌ ጋር ይመጣል፤ የሲሊካ ምዕራፍ ከአዲግራት ድንጋይ፣ የሙቀት ምዕራፍ ከጨው ሜዳው፣ የጭስ ምዕራፍ ከምጣዱ፣ የመርዝ ምዕራፍ ከሂርሚ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የሥራ ቦታ ይመርጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት ይለካል፣ ከአሠሪውና ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግሮ አንድ ነገር ያስለውጣል፣ በሁለተኛው ዓመት እንደገና ይለካል። መደበኛው ተማሪ ይህን ሁለተኛ ልኬት ለማድረግ ጊዜ የለውም፤ ለክቶ፣ ጽፎ፣ ተመርቆ ይሄዳል፣ አቧራው ግን እንደነበረ ይቀራል። የርቀቱ ተማሪ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የትም አይሄድምና የለካው ነገር መለወጥ አለመለወጡን የማየት ዕድልም ግዴታም አለበት።

ራማዚኒ ሐኪሞችን «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ሲመክር መልሱን የሚከታተል ትምህርት ቤት አልነበረውም። ዛሬ ዓይደር ካርድ ክፍል ውስጥ ያ ጥያቄ ቢጠየቅና «ድንጋይ ጠራቢ» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ከካርዱ ተነስቶ ጠራቢው እስከሚውልበት ቦታ የሚሄድ፣ ለክቶም የሚመለስ ሰው በየወረዳው ሊኖር ይችላል። የዚህ ትምህርት ስኬት የሚቆጠረው በተመራቂዎች ቁጥር ላይሆን ይችላል። ከአንድ ሠራተኛ አንገትጌ ላይ በሁለተኛው ዓመት የወረደው ፊልትር ሲመዘን ከመጀመሪያው ቀልሎ ከተገኘ፣ ትምህርቱ ተሰጥቷል፤ ተማሪውም ተምሯል።